ሃያ ጨረር፣ አርባ ሁለት ሱሪ

ማክሰኞ 6

ባለቤቴ ዛሬ ጎትታ «የወንዶች ጤና ቀን» ወደሚሉት ትርኢት ወሰደችኝ። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተክለው፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ ወንድ ሁሉ ደሙን በነጻ ይመርመር ይላሉ። ማይክ የያዘው ጎረምሳ «አንፈር፣ በግልጽ እንነጋገር» ብሎ ካንባረቀ በኋላ ፕሮስቴት የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ድምፁ እንደ ሌባ ሾለከ። ኮቱ ትከሻው ላይ ሦስት ጣት ይሰፋዋል። ስለ ግልጽነት የሚሰብክ ሰው መጀመሪያ የራሱን ኮት ይልበስ።

የሰጡኝ ወረቀት ላይ አንድ ሽበታም ሰውዬ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ፕሮስቴት ከፊኛ ሥር ያለች የወንድ እጢ ነች፣ ካንሰር ሲይዛት መጀመሪያ ላይ ምንም ላታሳይ ትችላለች፣ ስለዚህ ሳያምህ ተመርመር ይላል። ሳያመኝ ሐኪም ቤት መሄድ ሳይቀደድ እንደ መጣፍ ነው። ደሜን ግን ሰጠሁ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ነበራ።

ከሰዓት ሱቅ ገባሁ። ታናሽ ወንድሜ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ የት ነበርክ ጋሼ አለኝ። ክር ልገዛ አልኩት። ባዶ እጄን አየና ሱሪውን ቀጠለ።

ዓርብ 9

የሆቴሉ ትእዛዝ መጣ። ለዘበኞቹና ለበረኞቹ አርባ ሁለት ሙሉ ልብስ። ኮቱ የእኔ ነው፣ ሱሪው የወንድሜ። ሠላሳ ዓመት እንደዚህ ኖረናል፤ እኔ ከወገብ በላይ፣ እሱ ከወገብ በታች። ደንበኛ መስታወት ፊት ቆሞ የሚያመሰግነው ኮቱን ነው። ሱሪውን የሚያስታውሰው ሲተረተር ነው።

ወንድሜ ዛሬ ዘጠኝ ጊዜ ከመኪናው ተነሳ። ቆጥሬአለሁ። ሽንት ቤቱን ተከራይቶታል መሰለኝ። ስልኩን ሊጎረጉር ነው እንጂ ሌላ ምን አለው።

ዓርብ 16

የደሙ ውጤት። ቁጥሩ አሥራ አንድ ሆነ፤ ከአራት ባይበልጥ ጥሩ ነበር አሉ። ቁጥሩ ብቻውን ፍርድ አይደለም፣ በሌላም ምክንያት ከፍ ሊል ይችላል፣ ናሙና ወስደን እናየዋለን አሉኝ። እኔም ሆዱ ለገፋ ደንበኛ እንዲሁ ነው የምለው፤ ትንሽ ጠቦ ነው፣ እናየዋለን። ትርጉሙን አውቀዋለሁ።

ሐሙስ 22

ናሙና ተወሰደ። በመርፌ፣ አሥራ ሁለት ቦታ። በየት በኩል እንደገቡ አልጽፍም። ሐኪሙ ሲጨርስ ጎበዝ አለኝ፣ እንደተከተበ ሕፃን። ሱቅ ሄጄ ቆሜ ዋልኩ። ወንድሜ ለምን አትቀመጥም አለኝ። ኮት ቆራጭ ቆሞ ነው የሚሠራ አልኩት።

ማክሰኞ 4፣ ሁለተኛው ወር

ካንሰር ነው።

ዶክተሯ ከታናሿ ልጄ አትበልጥም። የጋውኗ እጅጌ ረዝሞባት ሁለት ጊዜ አጥፋዋለች፤ እሷ ስታወራ እኔ እጅጌውን ሳሳጥር ቆየሁ፣ በሐሳቤ። ካንሰሩ ከእጢው አልወጣም፣ በጊዜው ነው የተገኘው አለች። ከዚያ እንደ ጨርቅ ነጋዴ አማራጩን ትዘረጋልኝ ጀመር። አንዱ ቀዶ ጥገና ነው። ሌላው ሳይነኩ እየተከታተሉ መጠበቅ ነው፤ የእኔው ግን ለመጠበቅ ትንሽ የሚፈጥን ዓይነት ነው። ሌላው ከውጭ የሚሰጥ ጨረር ነው። መቀስ የለ፣ ስፌት የለ፣ ማደንዘዣ የለ፣ አልጋ መያዝ የለ። በአምስት ቀጠሮ የሚጨርስ ማሽንም አለ፣ እሱ ግን ሌላ ከተማ ነው። እዚህ ሃያ ቀን፣ በቀን ጥቂት ደቂቃ፣ ከዚያ ወደ ሥራ። ያለ ዋጋ አይደለም፤ ሽንት ያስቸኩላል፣ ያደክማል፣ አንጀት ያውካል፣ በአልጋ ጉዳይም ለውጥ ሊኖር ይችላል አለች ሳታፍር። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አነበብኩ።

ጨረሩን አልኳት። አርባ ዓመት የሰው ጨርቅ ስቆርጥ ኖሬ፣ መቀሱ ወደኔ ሲዞር ሸሸሁ። ጀግናው እኔ ነኝ።

ቀጥላ ቅጽ አወጣች። አባቴ በምን እንደሞተ ጠየቀችኝ። በወገብ ሕመም አልኩ። ብዕሯን አቁማ አየችኝ። ያኔ ወገብ ሰው ይገድል ነበር አልኳት። ወንዶች ልጆች? ሁለቱም ሴቶች ናቸው አልኩ።

«ወንድም አለዎት?»

«የለኝም።»

«ቢኖርዎት ነገውኑ ይምጣ እል ነበር» አለች። «ይሄ በቤተሰብ ይሄዳል። አባቱን ወይም ወንድሙን የያዘበት ሰው ከአርባ አምስት ዓመቱ ጀምሮ መመርመር አለበት።»

ለምን የለኝም እንዳልኩ አላውቅም። ወንድሜ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ሳቂታ ነው። ለእሱ አንድ ነገር መንገር በማይክ ማወጅ ነው። ነገ ሱቅ የሚገባ ሁሉ ፊቴን ትቶ ወደ ታች ያየኛል። ደግሞ ገና አርባ ሁለት ሱሪ አለበት።

ባለቤቴ ስትሰማ አለቀሰች፣ ከዚያ ፊቷን ታጥባ ለወንድምህ መቼ ነው የምትነግረው አለችኝ። ነገ አልኳት።

ረቡዕ 5

አልነገርኩትም። ሱቅ ውስጥ ሰው ነበር።

ቅዳሜ 8

ዛሬም ሰው ነበር። እሑድ ቤቱ እሄድ ይሆናል።

ሐሙስ 13

ዛሬ የእኔም ልክ ተወሰደ። ትልቅ ቀለበት በመሰለ ማሽን ውስጥ አሳልፈው አነሱኝ፣ ከዚያ ዳሌዬ ላይ ግራና ቀኝ፣ ከእንብርቴም በታች፣ በእስክሪብቶ የመደመር ምልክት አደረጉ። እንዳይጠፋ ተጠንቀቁ አሉ። የማሽኑ ባለሙያ ዝምተኛ ጎልማሳ ነው፤ ሁለቴ ለካ፣ ሳያምን ቀረና ሦስተኛ ለካ። አከበርኩት፣ ግን አልነገርኩትም። የሚያለብሱት ቀሚስ ከኋላው ክፍት ነው። ቂጥ ገልቦ ክንብንብ የሚሉት ይህንን አይተው መሆን አለበት። ቀሚሱን የቆረጠውን ሰው መቀሱን መቀማት ነው።

ሰኞ 17

ውርደት።

የመጀመሪያው ጨረር ነው ብዬ ጠዋት በሳሙናና በሻካራ ጨርቅ ገላዬን ፈተግኩ። ምልክቶቹን አንድ ሳላስቀር አጠፋሁና ንጹሕ ሆኜ ሄድኩ። አርባ ዓመት የለመደብኝ ነው። የጠመኔ ምልክት ያለበት ልብስ ለባለቤቱ አይሰጥም፤ ነውር ነው። ባለሙያው ቀሚሱን ገልጦ ሲፈልግ ሲፈልግ ቆየና ምልክቱ የት ሄደ አለኝ። አጠብኩት አልኩ። እንዳይጠፋ ነግረውኝ ነበር፣ ሰምቼም ነበር፣ እጄ ግን አልሰማም። ለካ ጨረሩ በየቀኑ ያችኑ ቦታ እንዲያገኝ የሚያስተካክሉኝ በእነዚያ ምልክቶች ነው። እንደገና ልክ፣ እንደገና አንድ ሳምንት።

ባለቤቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከካንሰሩ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው፣ ስለዚህ ተውኳት። ከሳቋ ስትመለስ፣ ለወንድምህ ነገርከው ወይ አለችኝ። በዚህ መሃል ይህን ምን አመጣው።

ረቡዕ 19

ሃያ ሁለት ኮት ተሰፍቷል። ሱሪ አሥራ አምስት። ወንድሜ ዛሬ አሥራ ሦስት ጊዜ ተነሳ። እዚህ የምንሰፋው ለሆቴል ነው ወይስ ለቧንቧ ሠራተኛ አልኩት። ውሃ አበዛሁ ጋሼ አለና ሳቀ። ሲቀመጥ ወገቡን ይዞ በቀስታ ነው የተቀመጠው። አባቴም እንደዚያ ነበር የሚቀመጠው። ከአባታችን እሱ ወገቡን ወረሰ፣ እኔ መቀሱን።

ይህን ጽፌ መልሼ አነበብኩት። ነገ እነግረዋለሁ።

ማክሰኞ 25

ሁለተኛው ጨረር። ፊኛ ሙሉ፣ አንጀት ባዶ መሆን አለበት። ስለዚህ ስምንት ሽማግሌዎች ውሃ ተግተን፣ ጉልበታችንን ገጥመን፣ አግዳሚ ላይ ተራ እንጠብቃለን። አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ አሉ፤ ችሎቱ ቢቀርባቸው በየማለዳው ስለ ሽንታቸው ብይን ይሰጣሉ። ስንት ጊዜ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ያህል ግፊት። ሰው ሁሉ በአክብሮት ያዳምጣቸዋል።

ውስጥ ገብተህ ትተኛለህ። ማሽኑ ዙሪያህን እየዞረ ያንጎራጉራል። አያምም፣ አይሞቅም፣ አይታይም። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ፍርሃት። አንድ እጅጌ መግጠም ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል።

ዳኛው ሁለት ወንድሞቻቸውን ጎትተው አስመርምረዋል። በአንደኛው ላይ ተገኘ፣ ገና በማለዳው። እሱ ጨረሩም አላስፈለገው፣ እየተከታተሉት ነው አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አንተስ ወንድም የለህም ወይ አሉኝ። ተራዬ ደረሰ ብዬ ተነሳሁ። ተራዬ አልነበረም።

ማታ ለባለቤቴ ዳኛውን እያስመሰልኩ ብቻዬን ስስቅ፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አለችኝ። ሴትየዋ ተረት አያልቅባትም።

ሐሙስ 4፣ ሦስተኛው ወር

ዘጠነኛ። ድካሙ መጣ። ከሰዓት በኋላ መቀሱ ይከብደኛል። ሌሊት አራት ጊዜ እነሳለሁ። አሁን የሽንት ቤት ምልልስ የምቆጥረው የራሴን ነው።

ለወንድሜ ጠዋት ጠዋት ጨርቅ ነጋዴ ጋ ነኝ ነው የምለው። ዛሬ ከመጋረጃው ጀርባ ካውያ ሳሞቅ ለአንድ ደንበኛ ሲያወራ ሰማሁት። ጋሼ ሌላ ቦታ ሱቅ እያየ ነው መሰለኝ አለ። ደንበኛው አንተስ ሲለው፣ ሱሪ ሰፊ ማን ያጣል ብሎ ሳቀ። ሳቁ አጭር ነበር።

ጅል። ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ኖሮ ጥሎኝ ይሄዳል ብሎ ያስባል። ወጥቼ ልነግረው አንድ እርምጃ ተራመድኩ። ካውያው ጋለና ተመለስኩ።

ረቡዕ 10

አሥራ ሦስተኛ። ባለቤቴ አንተ ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ አለች። የሆቴሉን ልብስ ቅዳሜ ሃያ እናስረክባለን፣ ከዚያ ወዲያ እነግረዋለሁ አልኳት። አሁን ብነግረው ይደነግጣል፣ ሱሪው ይቀራል፣ ትእዛዙ ይበላሻል፣ እሱም ይጎዳል፤ ለራሱ ስል ነው አልኳት። ካውያ ያቃጠለውን ጨርቅ እንደሚያዩት አየችኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አለች። እኔ እኮ መድኃኒቱን አግኝቻለሁ አልኳት። ስለ አንተ አላወራሁም አለች።

ማክሰኞ 16

አሥራ ሰባተኛ። ሱሪ ሠላሳ አምስት። ከሰዓት ከውጭ ስገባ ወንድሜ ግንባሩን መኪናው ላይ አስደግፎ ተኝቷል። የለበሰው ሱሪ ራሱ የሰፋው ነው፣ ባለፈው ዓመት ልክ ነበር። አሁን ወገቡ ላይ አራት ጣት ትርፍ አለው፤ በቀበቶ ሰብስቦታል። ሱሪ ሰፊ ሆኖ የራሱን አያጠብም፣ ስንፍና።

ሳልቀሰቅሰው አራት ሱሪ ጠቅልዬ ቤት አመጣሁ። እግራቸውን እኔ እዘመዝማለሁ። እንዳያዘገየኝ ብዬ ነው።

ዓርብ 19

ሃያኛው። አለቀ። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ አጨበጨቡልኝ፤ ፊኛቸው ሙሉ ስለነበር ቁጭ ብለው ነው። ዳኛው በነጻ ተለቀሃል አሉኝና በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። ውጤቱ እርግጥ የሚታወቀው ወደፊት በደም ምርመራ ነው። ባለሙያው እጄን ጨበጠኝ። ትከሻው አርባ ስድስት፣ እጅጌው ስድሳ ሦስት፤ በዓይኔ ወስጃለሁ። ኮት አለው ከእኔ።

ቅዳሜ 20

ልብሱን አስረከብን። የሆቴሉ ሰው ኮቶቹን አገላብጦ አመሰገነኝ። ሱሪዎቹን ቆጠራቸው።

የሆቴሉ መኪና ከሄደ በኋላ በሩን ዘጋሁና ለወንድሜ ነገርኩት። ቆሜ፣ የቆረጥኩትን ቁርጥራጭ እየጠረግኩ። ካንሰሩን፣ ጨረሩን፣ ዶክተሯ ስለ ወንድም ያለችውን። የለኝም ያልኩትን አልነገርኩትም።

መጀመሪያ የጠየቀኝ «አንተ ደህና ነህ?» ብሎ ነው። ደህና ነኝ፣ በጊዜው ተገኘ አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ መቼ ነው ያወቅከው አለ። የሁለተኛው ወር መጀመሪያ ላይ አልኩ። በጣቱ የስፌት መኪናው ላይ ሲቆጥር አየሁት።

«ስድስት ሳምንት ከምናምን» አለ።

«ልብሱ ነበረ…»

«ገባኝ፣ ጋሼ።»

ተነስቶ መኪናውን ሸፈነ፣ መብራቱን አጠፋ። ከዚያ ሐኪም ቤቱ ስንገባ በየትኛው በር ነው አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የምመልሰው አላጣም ነበር።

ሐሙስ 25

ሰኞ ደም ሰጠ፤ ዛሬ ውጤቱን አብረን ሰማን። ዶክተሯ የሁለታችንን ፊት አየች፣ አፍንጫችን አንድ ነው። ወደ እኔ ትንሽ አስተውላ፣ ምንም ሳትል አዲስ ካርድ ከፈተችለት። ስንት ነገር ለመመለስ ተዘጋጅቼ ነበር።

የእኔ ቁጥር አሥራ አንድ ነበር። የእሱ መቶ ሰማንያ ነው።

ወንድሜ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበና «ለመጀመሪያ ጊዜ በለጥኩህ» አለኝ። ዶክተሯ ልትስቅ ብላ ተወችው። ወረቀቱን ከእጁ ተቀብዬ አጠፍኩት።

ማክሰኞ 30

ናሙና፣ ከዚያ የአጥንት ምርመራ። እየሄድኩ አመጣዋለሁ። አግዳሚው ላይ ሳቂታ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ወደዱት። ዳኛው ወንድሜ መሆኑን ሲሰሙ ወደ እኔ አላዩም።

ሱቁን ዘግቼዋለሁ። እሱ ሲታመም እኔ ከወገብ በላይ ብቻ ምን ልሠራ።

ዓርብ 10፣ አራተኛው ወር

ወደ አከርካሪውና ወደ ዳሌው አጥንት ወጥቷል።

መርፌና ኪኒን ይጀምራል። ለእሱም ጨረር አለው፤ ወገቡ ላይ፣ ለጥቂት ቀን፣ ሕመሙን ሊያስታግሥ። ያው ማሽን፣ ያው ክፍል፣ ያው ባለሙያ። ሥራው ግን ሌላ ነው። እኔን ሊያድን ነው የዞረው፣ እሱን ሊያሳርፍ ነው የሚዞረው። ዶክተሯ ዓመታት መኖር ይቻላል አለች፣ ይቻላል የሚለውን ቃል በጥንቃቄ አስቀምጣ።

እሱ ልብሱን ሲለብስ ኮሪደር ላይ ጠብቄ ያዝኳት። ያ ስድስት ሳምንት ለውጥ ነበረው ወይ አልኳት። የለውም አለች፤ አጥንት የደረሰው በስድስት ሳምንት አይደለም። ከአንድ ዓመት በፊት ቢመጣ ግን ምናልባት እንደ እርስዎ በሆነ ነበር አለች። እፎይ አልኩ። ደብተሩ ይመስክር፣ እፎይ ነው ያልኩት።

ታክሲ ውስጥ ይህንኑ ነገርኩት። የምሥራች የያዝኩ ይመስል ተጣድፌ ነው የነገርኩት፤ የእኔ መዘግየት አይደለም፣ ዓመት ያለፈው ነገር ነው፣ ያኔ ደግሞ ማን ያውቅ ነበር አልኩት። በመስኮት ወደ ውጭ እያየ መለሰልኝ።

«ያኔ ነግሬህ ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

አልነገርከኝም አልኩት። ነግሬሃለሁ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ሰው ነበር አለኝ። አልተቆጣም። ከአንድ ጊዜ በላይ ማንሳት አፍሬ ነው አለና ወሬ ቀየረ፤ ስለ ሹፌሩ ጃኬት ዚፕ አወራን።

ቤት ገብቼ ያለፈውን ዓመት ደብተር አወጣሁ። ልረታው ነው ያወጣሁት። በየቀኑ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ እዚህ ከሌለ አልተባለም። ሁለት ሰዓት ገለጥኩ። ሐሙስ 14 ላይ አገኘሁት። በእጄ ጽሑፍ ነው፣ እንዳለ ገለበጥኩት።

«ታናሽዬው ዛሬ ፊቱ አመድ መስሎ ከሽንት ቤት መጣና፣ ጋሼ ሽንቴ ቀላብኝ፣ ደም ነው መሰለኝ አለኝ። ክሩን በጥርስህ አትበጥስ ስልህ እምቢ ብለህ፣ ቀዩን ክር ውጠኸው ነው የወረደው አልኩት። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አላነሳውም። ደህና ቀን ነበር፤ ሦስት ኮት ቆረጥኩ።»